«የጃንሆይ ስጦታ ነው» የተባለው ሰዓት፦ አሮጌ ክሮኖግራፍ እንዴት ተጣርቶ ይገዛል?

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ሰዓት ነው። ያውም አዲስ ሰዓት ሳይሆን አሮጌ፣ አባቶቻችን እጅ ላይ የከረመ፣ መስታወቱ የተጫጫረ የእጅ ሰዓት። «ሞባይል በኪሱ የያዘ ሰው አሮጌ ሰዓት ምን ይሠራለታል?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ሰዓት ለማወቅ ብቻ ከሆነ፣ እውነት ነው፣ ምንም አይሠራለትም። ነገር ግን አሮጌ ሰዓት ዛሬ የሚሸጠው ሰዓት ስለሚነግር ሳይሆን ታሪክ ስላለው ነው። ጣጣውም የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው። ብረት ይመዘናል፣ ወርቅም ይፈተናል። ታሪክን ግን በምን ሚዛን ይመዝኑታል? ሻጩ አንደበቱ የጣፈጠ እንደሆነ ተራው ዕቃ የፈረስ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

የፈረስ ዋጋ ያልኩት እንዲሁ ለምሳሌ አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የጽሑፌን ፍሬ ነገር ልንገራችሁ፦ አሮጌ ሰዓት ስትገዙ ወሬውን ሳይሆን ማስረጃውን ግዙ። ማስረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አብዛኛው ሰዓቱ ላይ ተጽፏል።

ክሮኖግራፍ ምንድን ነው?

ክሮኖግራፍ ከተራው ሰዓት የሚለየው በውስጡ ሁለተኛ ሥራ ስላለው ነው። አንደኛው ሥራ እንደማንኛውም ሰዓት ጊዜን መቁጠር ነው። ሁለተኛው ሥራ ስንፈልግ የምናስነሣው፣ ስንፈልግ የምናቆመው፣ መልሰን ዜሮ ላይ የምናስቀምጠው የሰከንድ ቆጣሪ ነው። የስፖርት መምህራን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ሩጫ መቁጠሪያ እጅ ላይ ታስሮ አስቡት። ምልክቱም ግልጽ ነው። በቀኝ ጎኑ፣ ከመሙያው ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቁልፎች አሉት። ፊቱ ላይ ደግሞ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ክቦች አሉ። የላይኛው ቁልፍ ያስነሣል፣ ያቆማል። የታችኛው ወደ ዜሮ ይመልሳል።

የውስጡ አሠራር ደስ የሚል ነው። ቁልፉን ስንጫን ሁልጊዜ ከሚዞረው ጥርሳም ጎማ ጋር የሰከንድ ቆጣሪው ይያያዛል፤ ደግመን ስንጫን ይላቀቃል። ወደ ዜሮ የሚመልሰው ደግሞ በልብ ቅርጽ የተሠራች ትንሽ ብረት ናት። መዶሻ መሰል ነገር ይህችን ልብ ሲመታት፣ የትም ትሁን የት፣ ተንሸራታ ያችው አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች። ጠቋሚው 60 ላይ ድቅን የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ለፍተሻው ይጠቅመናል።

«ክሮኖግራፍ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ጊዜ ጸሐፊ» እንደማለት ነው። በእርግጥም ይጽፍ ነበር። ኒኮላ ሪዩሴክ የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1821 ፓሪስ ውስጥ በተደረገ የፈረስ ውድድር ላይ የሞከረው መሣሪያ፣ ፈረሶቹ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ በሚዞረው ክብ ላይ የቀለም ጠብታ ያሳርፍ ነበር። እርግጥ ሉዊ ሞይኔ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ከእሱ ቀድሞ፣ በ1816፣ ለከዋክብት ጥናት የሚሆን መቁጠሪያ ሠርቶ እንደነበር በ2013 ታውቋል። ስሙን የሰጠው ግን የፈረሱ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ፈረስ ሲባል እኛ አዊዎች ዝም ልንል ነው? በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚያደርገውን በዓል ያየ ሰው፣ ክሮኖግራፍ በፈረስ ውድድር መወለዱ አይገርመውም። ብዙ ክሮኖግራፎች ዳርቻቸው ላይ ከ60 እስከ ብዙ መቶ የሚደርሱ ቁጥሮች አሏቸው። ለጌጥ አይደሉም፤ ፍጥነት ማስሊያ ናቸው። አንድ ፈረስ አንድ ኪሎ ሜትር ሲጀምር ቁልፉን ተጫኑ፣ ሲጨርስ አቁሙ። 75 ሰከንድ ከፈጀ ፈረሱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ሮጧል ማለት ነው። ስሌቱ 3,600ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው። ሌላ ተአምር የለውም።

ከሮም እስከ ቶኪዮ

ክሮኖግራፍ ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ሌላም መንገድ አለ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ 2፡15፡16.2 ሲገባ የኦሎምፒኩ ሰዓት ቆጣሪ የስዊሱ ኦሜጋ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ 2፡12፡11.2 ገብቶ ድሉን ሲደግም ግን ሰዓት የያዘው የጃፓኑ ሴኮ ነው። ሴኮም በዚያው በ1964 የመጀመሪያውን የጃፓን የእጅ ክሮኖግራፍ ገበያ ላይ አወጣ።

የሚቀጥለው ትልቅ ዓመት 1969 ነው። እስከዚያ ድረስ ክሮኖግራፍ በሙሉ በእጅ የሚሞላ ነበር። በዚያ ዓመት ሦስት ወገኖች ተሽቀዳድመው በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ፣ እኛ አውቶማቲክ የምንለውን፣ ክሮኖግራፍ ሠሩ። ዜኒት አንዱ ነው። ሁለተኛው ሆየርና ብራይትሊንግ ያሉበት ቡድን ነው። ሦስተኛው ሴኮ ሲሆን የሴኮ ማሽን መጠሪያ ቁጥሩ 6139 ነው። ይህን ቁጥር አደራ አትርሱት። ዊሊያም ፖግ የተባለው አሜሪካዊ የጠፈር ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ወደ ስካይላብ ጣቢያ ሲሄድ ይዞት የወጣው ይህንኑ የ6139 ሴኮ ነበር። በዚህም የተነሣ የዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ተፈላጊ ነገር ባለበት ደግሞ ፎርጅድ አይጠፋም።

የአጎቴ ጉዳይ

ወደዚህ ርዕስ ያስገባኝ ዳንግላ የሚኖሩት የእናቴ ወንድም ናቸው። አጎቴ ፈረስ ወዳድ ናቸው። የበዓሉ ሰሞን ሌላ ወሬ አያወሩም። አንድ ቀን ደወሉልኝና «አንቺ ጋዜጠኝነት አይደል የምትማሪው? እስቲ አንድ ነገር አጣሪልኝ» አሉኝ። አንድ ሰው አሮጌ ሰዓት ይዞ መጥቷል። ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ቢጫ ፊት፣ ዳሩ ቀይና ሰማያዊ፣ ሴኮ። ሻጩ «አያቴ የጃንሆይ ባለሟል ነበሩ፤ ይህን ሰዓት ከንጉሡ እጅ ነው የተቀበሉት፤ ከጀርባው ዘውድ አለበት» ብሏቸዋል። የጠየቀው ዋጋ የአንድ ደህና ፈረስ ዋጋ ነው። አጎቴ ያንን ያህል ብር በእጃቸው የለም። ያለው ፈረሱ ነው። ሊሸጡት አስበዋል!

እኔም «ጋሼ፣ ፈረሱን ገበያ ከማውጣትዎ በፊት የሰዓቱን ፊትና ጀርባ አጥርተው ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይላኩልኝ» አልኳቸው። ላኩልኝ። ክፍል ውስጥ አንድ ዜና ሲመጣ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ ነው የተማርነው። ሰዓቱንም እንደ ዜና ምንጭ ያዝኩት። በተለይ የጠቀመኝ «መቼ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት።

መቼ ተሠራ?

በዚያ ዘመን የተሠሩ የሴኮ ሰዓቶች ጀርባቸው ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያው በሰረዝ የተለየ ሲሆን፣ ለምሳሌ 6139-6002 ይላል። ከሰረዙ በፊት ያለው የማሽኑ ዓይነት፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የአካሉ ዓይነት ነው። ሁለተኛው የዚያ ሰዓት መለያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ስድስት ምልክት ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ወሩ ነው። ከጥር እስከ መስከረም (ፈረንጆቹ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር የሚሉት) ከ1 እስከ 9 ይጻፋል። ኦክቶበር «ኦ»፣ ኖቬምበር «ኤን»፣ ዲሴምበር «ዲ» በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይገለጻሉ። የቀሩት አራቱ ተራ ቁጥር ናቸው።

«የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ከሆነ 6 ማለት 1966 ይሁን 1976 በምን ይታወቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነው። የ6139 ማሽን ገበያ ላይ የዋለው ከ1969 ጀምሮ ሲሆን ምርቱም በሰባዎቹ መጨረሻ አብቅቷል። ስለዚህ 6139 ላይ በ6 የሚጀምር መለያ ካያችሁ 1976 እንጂ 1966 ሊሆን አይችልም።

አጎቴ በላኩልኝ ፎቶ ላይ መለያው የሚጀምረው በ6 ነበር። ቀጥሎ «ኤን» አለ። ኖቬምበር 1976 ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እንግዲህ ታሪክ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ያረፉትም በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ጃፓን ውስጥ ሲገጣጠም ሰጡ የተባሉት ንጉሥ ካረፉ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሻጩ ይዋሽ ወይም የተነገረውን አምኖ ይድገም እኔ አላውቅም። የሰዓቱ ጀርባ ግን አይዋሽም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓቱ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ወደ እኛ ለመለወጥ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8፣ ከመስከረም አንድ በኋላ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ትቀንሳላችሁ። አንድ ሰው «ይሄ የ62 ዓ.ም. ሰዓት ነው» ሲላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁት። በእኛ ከሆነ የ6139 ሴኮ ሊሆን ይችላል። በፈረንጅ ከሆነ ማሽኑ ገና አልተወለደም!

ፊቱ፣ ጀርባው፣ ሆዱ

ዕረፍት ስንወጣ ዳንግላ ወርጄ፣ ሻጩ ባለበት፣ ሰዓቱን አንድ አዛውንት ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ይዘን ሄድን። አዛውንቱ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙም ሳይናገሩ ያሳዩኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ፊቱን አዩ። ፊቱ እንደ አዲስ ሳህን ያበራል። አካሉ ግን ተፋፍቋል፣ የማሰሪያው መያዣ አካባቢ በልቶታል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰዓት ፊቱ ብቻ ሳያረጅ የሚቀርበት ምክንያት የለም። በዚያ ላይ ፊቱ ላይ ውኃ እንደማያስገባ የሚገልጸው ጽሑፍ «ፕሩፍ» በሚለው ቃል ነው የተጻፈው። ሴኮ ይህን ቃል ፊት ላይ የጻፈው እስከ 1970 ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ሪዚስት» በሚለው ተክቶታል። ስለዚህ በ1976 የተሠራ ሰዓት «ፕሩፍ» የሚል ፊት ይዞ ከፋብሪካ አይወጣም። ፊቱ የተለወጠ ነው። ሌላው መለያ ከፊቱ ግርጌ፣ ከ6 ቁጥር በታች፣ በጣም ደቃቅ ሆኖ የሚጻፈው ኮድ ነው። በ6139 ሰዓት ላይ ይህ ኮድ በ6139 መጀመር አለበት። አጎቴ ሊገዙት በነበረው ላይ ጭራሽ አልነበረም።

ቀጥሎ ጀርባውን አዩ። ዘውዱ አለ። ነገር ግን የፋብሪካው ጽሑፍ በላብና በእጅ ተልጎ ጠርዙ ለስልሷል። የዘውዱ መስመሮች ግን ስለታም ናቸው፣ ውስጣቸውም ያብለጨልጫል። በአንድ ጊዜ የተጻፉ ነገሮች እኩል ያረጃሉ። አንዱ አርጅቶ አንዱ ካላረጀ የተጻፉበት ጊዜ የተለያየ ነው። ይህ ለሰዓት ብቻ ሳይሆን ለማኅተም፣ ለጎራዴ፣ ለብር ጌጥም ይሠራል።

ከዚያ ሆዱን ከፈቱ። ውስጡ ንጹሕ የ6139 ማሽን ነው! ማሽኑ ላይ ቁጥሩ አለ፣ 17 ድንጋይ እንዳለው ተጽፏል። አዛውንቱም «ሰዓቱ ደህና ሰዓት ነው፤ ወሬው ነው ፎርጅዱ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም።

በመጨረሻ ቁልፎቹን ሞከሩ። እናንተም ያለ ጠጋኝ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦

የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ። ጠቋሚው ወዲያው መነሣት አለበት። የ6139 ጠቋሚ ሳይዘል ለስለስ ብሎ ይነሣል። አንዳንድ የድሮ የስዊስ ማሽኖች ላይ ግን ትንሽ ዘለል ማለት የተለመደ ነው።

አቁማችሁ የታችኛውን ተጫኑ። ጠቋሚው በትክክል 60 ላይ ካላረፈ ያች የልብ ቅርጽ ብረት ላይ የገባበት ቦታ ተንሸራቷል ወይም አንድ ሰው ፈትቶ አጣሞ መልሶታል።

ለ30 ደቂቃ እንዲሠራ ተዉት። ትንሿ ክብ ደቂቃውን በትክክል መቁጠሯን፣ ዋናው ሰዓትም ወደ ኋላ አለመቅረቱን ተመልከቱ። «ቸኩያለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተ አትቸኩሉ።

የሰከንዱን አካሄድ እዩ። 6139 በሰከንድ 6 ጊዜ ስለሚመታ ጠቋሚው የሚፈስ ይመስላል። በሰከንድ አንዴ ቆም፣ ቆም እያለ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ባትሪ ነው። አንዳንዱ ርካሽ ሰዓት ላይ ትንንሾቹ ክቦች ሥዕል ብቻ ናቸው፤ ቁልፉንም ብትጫኑት ዝም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሻጮች ልንገር። በ6139 ላይ ለብቻው የሚዞር የሰከንድ ጠቋሚ የለም። ያለው ትልቁ ጠቋሚ ብቻ ነው፤ እሱም ቁልፉ ካልተጫነ ይቆማል። ይህን ያላወቀ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ የአባቱን ሰዓት በትንሽ ብር ለደላላ ሊሰጥ ይችላል። እባካችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ቁልፉን ተጫኑ!

የአጎቴ ነገር እንዴት ሆነ? ሻጩ ሁሉንም ቆሞ ሰማ። ተቆጥቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ ተከራከሩ፣ ተከራከሩና አጎቴ በሁለት በግ ዋጋ ገዙት። ፊቱ የተለወጠ፣ ጀርባው የተጫረ፣ ሆዱ ግን ጤነኛ የ1969 ዓ.ም. ሴኮ። ፈረሱም ጋጣው ውስጥ ነው።

ባለሙያም ይታለላል

«ይሄ የገጠር ነገር ነው፤ ፈረንጅ አገር በባለሙያ ስለሚሸጥ አይታለሉም» የሚል ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ጄኔቫ ውስጥ ፊሊፕስ በተባለው አጫራች ቤት አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር ክሮኖግራፍ ከ3.1 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ፊቱ በፀሐይ ብዛት ወደ ቡናማ የተለወጠ፣ ብርቅ ነው የተባለ ሰዓት ነበር። በ2023 ኦሜጋ ራሱ ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍል ተለቅሞ የተገጣጠመ መሆኑን፣ በነገሩም የራሱ የቀድሞ ሠራተኞች እጅ እንዳለበት አስታወቀ። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ከብዙ አካል ተሰፍቶ ከተሠራው የልብ ወለድ ፍጡር ጋር አመሳስለው «ፍራንከን» ይሉታል። እያንዳንዱ ክፍል ኦርጅናል ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ግን አልተወለዱም። ስለዚህ «ኦርጅናል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «እነዚህ ክፍሎች የአንድ ሰዓት ናቸው ወይ?» ማለት ያስፈልጋል።

ለስዊስ ሰዓት ገዢዎች ሁለት ምክር ልጨምር። በፊቱ ግርጌ «ቲ ስዊስ ቲ» የሚል ካለ ቁጥሮቹ ላይ የተቀባው የሚያበራ ነገር ትሪቲየም ነው። የትሪቲየም ኃይል በየ12 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የስድሳዎቹ ወይም የሰባዎቹ ሰዓት ነው ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ኩራዝ የሚያበራ ከሆነ ቀለሙ አዲስ ነው። ከዚያ የቀደሙ ሰዓቶች ላይ ደግሞ ራዲየም የተባለ አደገኛ ጨረር ያለው ቀለም ይቀባ ነበርና ፊቱን ከፍታችሁ በጥፍር አትፋቁ። ሁለተኛ፣ ኮከብ ያለበት ፊት ኖሮት 1963 የሚል ስም ይዞ የሚሸጥ የቻይና ክሮኖግራፍ አለ። ቻይናዎች በስድሳዎቹ መጀመሪያ ከስዊሱ ቬነስ 175 ማሽን ተነሥተው ለአየር ኃይላቸው የሠሩት ሰዓት እውነተኛ ታሪክ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የሚታየው አብዛኛው ግን በቅርብ ጊዜ እንደገና የተሠራ ነው። ጥሩ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌ ዋጋ ግን አትግዙት።

የማን ነው?

ሰዓቱ እውነተኛ ሆነ እንበል። «ማን?» የምትለዋ ጥያቄ ትቀራለች። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እውነተኛው የጃንሆይ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ክሮኖግራፍ አይደለም፤ ቀንና ወርን፣ የጨረቃንም መጠን የሚያሳይ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት ነው። የሞዴል ቁጥሩ 2497 ነው። ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው ካቀረበው በኋላ፣ ከንጉሣዊው ቤተሰብ በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣ ከጨረታው አወጣው። በኋላ በ2017 እንደገና ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። እዚያ ላይ ሰዓቱ እውነተኛ ነው ወይ የሚል ክርክር አልነበረም። ክርክሩ ከባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ የሚል ነው።

ለእኛም ይኸው ነው። የእጅ ሰዓት ትንሽ ዕቃ ናት፤ በቀላሉ ትሰረቃለች። ስለዚህ ሻጩን ከየት እንዳገኘው ጠይቁት። አያቱ ናቸው ካለ አያቱ ሰዓቱን አስረው የተነሡት ፎቶ አለ ወይ? ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ፎቶ ከመቶ ምስክር ይበልጣል። ከዚያ ሁለት ምስክር ባለበት አጭር የሽያጭ ወረቀት ጻፉ፣ የሰዓቱንም መለያ ቁጥር አስገቡበት። «ለሰዓት ደግሞ ውል?» አትበሉ። ለበሬና ለፈረስ እንጽፍ የለ እንዴ?

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር

ከመደምደሜ በፊት በየትኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ የማታገኙትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ቀኑን ይለውጣል፤ ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት ነው። እኛ ግን እኩለ ሌሊትን 6 ሰዓት ስለምንል፣ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ወይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወይ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ምሽት ላይ እየለወጠ ካስቸገራችሁ ጠቋሚዎቹን አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 12 ሰዓት፣ ወደፊት አዙሩት። ከዚያ በኋላ ልክ እንደ እኛ ልማድ ንጋት ላይ አዲሱን ቀን ይጀምርላችኋል። የሰዓቱ ወር 31 ቀን ስለሆነ በየወሩ አንድ ቀን ማዝለል ያስፈልጋል። ጳጉሜን ሲያልፍ ደግሞ እንደገና ማስተካከል ነው። ገዢው ይህን ካላወቀ ደህናውን ሰዓት «ቀኑ ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሳል፤ ሻጩ ካላወቀ ደግሞ ያለ ምክንያት ዋጋ ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ባጭሩ እንከልሰው። አሮጌ ክሮኖግራፍ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡና የተሠራበትን ጊዜ እወቁ። ያንን ጊዜ ከሻጩ ታሪክ ጋር አስተያዩ። ፊቱ፣ ጀርባውና ማሽኑ እኩል አርጅተው እንደሆነ ተመልከቱ። ቁልፎቹን ሞክሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከፍላችሁ ሳይሆን ሳትከፍሉ በፊት ለሰዓት ጠጋኝ አሳዩ፤ የማስከፈቻው ዋጋ ከኪሳራው ያንሳል። ለማሠሪያ የሚወጣውንም ከዋጋው ላይ አስቡ። በመጨረሻ የማን እንደነበር ጠይቁ፣ ጻፉ።

ቤታችሁ ውስጥ በሳጥን ሥር የተቀመጠ የአባት ሰዓት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ስለ ሰዓቱ የሚያውቁት አረጋዊ በሕይወት ሳሉ መቼና ከማን እንዳገኙት ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ያ ወረቀት የሌለው ሰዓት ነገ ማንም ደላላ የፈለገውን ታሪክ ይሰፋለታል። ወረቀቱ ያለው ግን ቢሸጥም ባይሸጥም ታሪኩ የራሱ ነው።